«የት ልሂድ?» — ውሉ በማን ስም ነው?



ይህን ጽሑፍ በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት፣ በበረዶው ወራት በአንድ ቅዳሜ፣ በኦስሎ ምሥራቃዊ ክፍል በሊንደሩድ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከተጠሩት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ። ማንም እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ልጆቹ መኝታ ክፍል ገብተው በሩ ተዘግቶባቸዋል። ባልየው አንገቱን ደፍቶ «ሰይጣን አሳሳተኝ» አለ። ሴትየዋ ሁላችንንም ካዳመጠች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «አባቶቼ፣ ልውጣ ብልስ የት ልሂድ?»

እኛ ይህን እንደ እሺታ ሰማነው። «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ቤትሽን አታፍርሺ» አልናት፤ ባልየውን ገሠጽነው፣ አስማልነው፣ መርቀን ተነሣን። ወደ ምድር ባቡሩ ጣቢያ ስንወርድ ሥራችንን በሚገባ የፈጸምን መስሎን ነበር። ከወራት በኋላ ልጆቿን ይዛ ከዚያ ቤት ወጣች። ከጥቃቱ አመለጠች፤ ኪራዩ ግን ተከተላት። ስሟ በውሉ ላይ ስለነበረ፣ እሱ መክፈል ባቆመባቸው ወራት የተጠራቀመው ዕዳ ከእሷም ይጠየቅ ጀመር።

ዛሬ ሳስበው፣ ያቺ ሴት ጥያቄ ጠይቃን ነበር፤ እኛ ግን እንደ ምሬት አልፈነው ሄድን። «የት ልሂድ?» ማለት «አድራሻ ስጡኝ» ማለት ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል «የኪራይ ውሉ በማን ስም ነው? ዲፖዚቱ በማን ሒሳብ ነው? ውሉ መቼ ያበቃል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሽምግልናችን ስለ ፍቅርና ስለ ትዕግሥት ነበር፤ ውሳኔውን የወሰነው ግን ቤቱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ኖርዌይ የጥቃት ተጎጂን አካል የሚጠብቅ ጠንካራ ሕግ አላት። የቤት ኪራይ ሕጓ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ሰዎች እንደ አንድ ተከራይና እንደ አንድ ባለዕዳ መቁጠሩን አልተወም። ይህ ክፍተት እስካልተደፈነ ድረስ፣ ከጥቃት የሸሸ ሰው ደኅንነቱን የሚያገኘው ቤቱን፣ ተቀማጭ ገንዘቡንና የመክፈል ስሙን ከፍሎ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ግን በራሳቸው ቁጥር ተጠቅሰዋል።)

ሕጉ አካልን ይጠብቃል

በመጀመሪያ ያለውን በቅንነት እናስቀምጥ። በኖርዌይ የመጀመሪያው የተጎጂዎች መጠጊያ፣ በአገሩ አጠራር ክሪሰሴንተር፣ በ1978 በኦስሎ ተከፈተ። ያኔ በሴቶች ንቅናቄ በጎ ፈቃድ የቆመው ሥራ፣ በ2010 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ የእያንዳንዱ ኮሙነ ግዴታ ሆኗል። መጠጊያው ነጻ ነው፤ ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፤ የማንም የድጋፍ ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ ለሴቶች ብቻ ሳይሆን ለወንዶችና ለልጆችም የተዘረጋ ነው። ሕጉ ከመጠጊያ ለሚወጡትም አዲስ ኑሮ ሲጀምሩ ክትትል እንዲደረግላቸው ያዛል።

ከዚህ በተጨማሪ ዐቃቤ ሕግ አጥቂው ወደ ተጎጂው እንዳይቀርብ ሊከለክል ይችላል፤ ክልከላውም በፍርድ ቤት ይታያል። ነገሩ ከከበደ አጥቂው ከገዛ ቤቱ ጭምር እንዲርቅ ይደረጋል፤ ይህ ግን በአንድ ጊዜ ከሦስት ወር ሊበልጥ አይችልም። በቤተሰብ ማገናኘት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘና በትዳሩ ውስጥ በደል የደረሰበት ሰው፣ በውጭ ዜጎች ሕግ አንቀጽ 53 መሠረት በራሱ ስም የሚቆም ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። «ከወጣሽ ያባርሩሻል» የሚለው ማስፈራሪያ በብዙ የእኛ ቤቶች ስለሚነገር፣ ይህን አንቀጽ ቁጥሩን ጭምር ማወቅ ይገባል።

በ2017 ኖርዌይ የኢስታንቡልን ስምምነት አጽድቃለች። ስምምነቱ ለተጎጂ ሊቀርቡ ከሚገቡ አገልግሎቶች መካከል መኖሪያ ቤትን በስም ይጠራል። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የጸናው ሌላ ሕግም ኮሙነዎች በቤት ገበያው ራሳቸውን መርዳት ያልቻሉትን እንዲረዱ ያስገድዳል። እንግዲህ ጉድለቱ የበጎ ፈቃድ እጥረት አይደለም።

ውሉ ግን ፊርማን ብቻ ያያል

ሊንደሩድ ከጦርነቱ በኋላ ኦስሎ ወደ ግሩሩድ ሸለቆ ስትሰፋ በሕንጻዎች የተሞላ ሰፈር ነው፤ የምድር ባቡሩ በ1966 ደረሰው። እንደ መላው አገር ሁሉ እዚህም ባለቤትነት ዋናው ሥርዓት ነው፤ በኖርዌይ ከአራት ቤተሰቦች ሦስቱ ያህል በራሳቸው ቤት ይኖራሉ። የሚከራዩት ወጣቶች፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና አዲስ መጤዎች ናቸው። አከራዩም ብዙ ጊዜ ኩባንያ ሳይሆን አንድ ግለሰብ ነው፦ ሁለተኛ ቤት ያለው፣ ወይም ምድር ቤቱን ያከራየ ጎረቤት። ከእነዚህም መካከል የእኛ ሰዎች አሉ።

የ1999ኙ የቤት ኪራይ ሕግ ለተከራይ ብዙ ያደላል። የጊዜ ገደብ ያለው ውል በመርሕ ደረጃ ከሦስት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ያለ ምድር ቤት ወይም ሰገነት ከሆነ አንድ ዓመት ይበቃዋል። ዲፖዚት ከስድስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ በተለየ የባንክ ሒሳብም ይቀመጣል። ተከራይ ሊለቅ ሲፈልግ በተለምዶ የሦስት ወር ማስታወቂያ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ ተከራይን ከአከራይ የሚጠብቁ ናቸው። ተከራይን አብሮት ከሚኖረው ተከራይ ለመጠበቅ ግን አልተጻፉም።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በሦስት መንገድ እንይ።

አንደኛው፣ ሁለቱም የፈረሙበት ውል ነው። እንዲህ ባለው ውል እያንዳንዱ ለሙሉው ኪራይ ተጠያቂ ነው። ሚስት ሌሊት ሸሽታ መጠጊያ ብትገባ፣ የሦስት ወሩ ማስታወቂያ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በውሉ ላይ «ከጊዜው በፊት ሊቋረጥ አይችልም» የሚል በጽሑፍ ከተገለጸላት ደግሞ እስከ መጨረሻው ታስራለች። ባል መክፈል ቢያቆም፣ አከራዩ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ልኮ ጉዳዩን ናምስማን ወደሚባለው ፍርድ አስፈጻሚ መውሰድ ይችላል። ያልተከፈለው ዕዳ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሲሄድ በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ቀጣዩ አከራይ ስሟን ሲያጣራ የሚያየው የክፍያ ጉድለት ምልክቱን ነው፤ ከኋላው ያለውን ታሪክ አያይም።

ሁለተኛው፣ ባል ብቻ የፈረመበት ውል ነው። ሕጉ ተከራይ የትዳር ጓደኛውን ያለ ፈቃድ እንዲያስገባ ስለሚፈቅድ፣ ሚስት በሕጋዊነት ትኖራለች፤ ስሟ ግን የትም የለም። ከወጣች ዕዳ አይከተላትም፤ ነገር ግን ዲፖዚቱ በእሱ ሒሳብ ይቀራል፣ የኪራይ ታሪክ አይኖራትም፣ ለመቆየት ብትፈልግም የምትይዘው ወረቀት የለም። የ1991 የጋብቻ ሕግ በልዩ ምክንያት የጋራ መኖሪያውን የመጠቀም መብት ለአንደኛው ወገን ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ይህ ከመለያየት ሂደት ጋር የሚመጣ ውሳኔ እንጂ ነገ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ የሚበቃ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሚስት ብቻዋን የፈረመችበት ውል ነው። ይህ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ግን ተከራይ በቤተሰቡ አባልና በእንግዳው ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። የተሰበረው በር፣ የጎረቤቶች የሌሊት ስሞታ፣ ፖሊስ የተጠራበት ቁጥር ሁሉ በእሷ ላይ ይቆጠራል። የተመታችው እሷ፣ የሰፈሩን ሰላም አደፈረሰች ተብላ ማስጠንቀቂያ የሚጻፍላትም እሷ።

የሚከለክለው ሕግና የሚያከራየው ሕግ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ዐቃቤ ሕግ አጥቂውን ለሦስት ወር ከቤቱ ሲያርቅ፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ ከሦስት ወሩ በኋላ ውሉ የማን እንደሚሆን ክልከላው አይናገርም። ስለዚህ መጠጊያው የሚያስገባው በር ሰፊ ሲሆን የሚያስወጣው ጠባብ ይሆናል። በመጠጊያ ያለ ሰው አዲስ ዲፖዚት ያስፈልገዋል። ናቭ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ዋስትና ሲሰጥም፣ ብዙ አመልካቾች በሚሻሙበት የኦስሎ ገበያ አከራይ ማመንታቱ የተለመደ ነው።

ሌሎች አገሮች የከፈቷቸው ሦስት በሮች

አንባብያን በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በፍራንክፈርት ስለምትኖሩ፣ መልሱን በየሰፈራችሁ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው በር መውጣት ነው። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ከመስከረም 2016 ጀምሮ፣ ከጥቃት የሚሸሽ ተከራይ በ28 ቀን ማስታወቂያ ብቻ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ ውሉ የጊዜ ገደብ ያለው ቢሆንም። ማስረጃው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ተከራዩ ራሱ የፈረመው መግለጫ ነው፤ አከራዩም ይህን በምስጢር መያዝ አለበት። ሕግ አውጪው የፖሊስ ክስ ቅድመ ሁኔታ እንዲሆን አልፈለገም፤ ብዙ ተጎጂ ከመክሰሱ በፊት መሸሽ ይኖርበታልና።

ሁለተኛው በር መቆየት ነው። ኦስትሪያ በ1997 ፖሊስ አጥቂውን ከቤት የማስወጣት ሥልጣን እንዲኖረው አደረገች። ጀርመን ከ2002 ጀምሮ ፍርድ ቤት የጋራ መኖሪያውን ለተጎጂው እንዲመድብ ፈቀደች፤ ተከራዩ አጥቂው ብቻ ቢሆን እንኳ ተጎጂው ለተወሰኑ ወራት በቤቱ ሊቆይ ይችላል። የእነዚህ ሕጎች መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ የመታው ይውጣ።

ሦስተኛው በር ከቅጣት መጠበቅ ነው። በአሜሪካ በሴቶች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለመከላከል የወጣው ሕግ በ2005 ሲታደስ፣ በፌዴራል መንግሥት ድጎማ በሚተዳደሩ ቤቶች የሚኖር ሰው የጥቃት ተጎጂ በመሆኑ ብቻ ከቤት እንዳይባረር ደነገገ፤ በ2013 ደግሞ ጥበቃው ወደ ተጨማሪ የቤት መርሐ ግብሮች ሰፋ። አከራዩ ውሉን ለሁለት ከፍሎ አጥቂውን ብቻ የሚያስወጣበት መንገድም በሕጉ አለ። በ2022ቱ እድሳት ተከራይ ለእርዳታ ፖሊስ በመጥራቱ እንዳይቀጣ የሚከላከል ድንጋጌ ተጨመረ።

ኖርዌይ የ1999ኙን የኪራይ ሕግ ለማሻሻል ስትነጋገር ሰንብታለች፤ መንግሥት ለዚሁ ሥራ የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቁሟል። ክርክሩ በአብዛኛው በውል ዘመን ርዝመትና በኪራይ ጭማሪ ላይ ያተኩራል። የእኔ ሐሳብ ሦስቱም በሮች በዚያው ሕግ ውስጥ አጭር ምዕራፍ ሆነው ይግቡ የሚል ነው፦ በ28 ቀን መውጣት፣ ከክልከላው ጋር የሚሄድ ፈጣን የውል ማስተላለፍ፣ በአጥቂው ድርጊት ተጎጂውን ያለመቅጣት።

የአከራዩ ሥጋት

ይህን ሐሳብ ለአከራይ ወዳጆቼ ሳነሣ ሁለት ተቃውሞ እሰማለሁ፤ ሁለቱም በቅንነት መታየት ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ «ውሉን ለማፍረስ ሁሉም ተጠቃሁ ይላል» የሚል ነው። ማጭበርበር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ዛሬም የሦስት ወር ማስታወቂያ ባለበት አገር፣ ሐሰተኛው የሚያተርፈው የሁለት ወር ኪራይ ያህል ነው፤ ለዚህም ስሙን አስፍሮ የሐሰት መግለጫ መፈረም ይኖርበታል። እውነተኛው ተጎጂ ግን ዛሬ የሚከፍለው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሕግ በሁለት ስሕተቶች መካከል መምረጥ ካለበት፣ ሊታረም የሚችለውን ይምረጥ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ «እኔ ባንክ አይደለሁም፤ የቤት ብድሬን የምከፍለው በዚያ ኪራይ ነው፤ ለሌላ ሰው ወንጀል ለምን እኔ ልክፈል?» እውነት ነው፤ አከራዩም በዚህ ነገር በደለኛ አይደለም። ሆኖም የኖርዌይ ግብር ሕግ፣ ባለቤቱ ከቤቱ ቢያንስ ግማሹን በኪራይ ዋጋ ልክ ለራሱ እስከተጠቀመ ድረስ፣ ከቀሪው ክፍል የሚያገኘውን ኪራይ ከግብር ነጻ ያደርግለታል። ምድር ቤቱን የሚያከራይ ሰው ከኅብረተሰቡ ይህን ያህል ስጦታ ተቀብሏል። በአጸፋው ከስንት አንዴ በሚደርስ አደጋ ጥቂት ሳምንት ቢታገሥ ሚዛኑ አይዛባም። ዛሬም ቢሆን ተከራይ ጥሎት ሲወጣ አከራዩ ቤቱን መልሶ ለማከራየት ጥረት በማድረግ ኪሳራውን መቀነስ ይጠበቅበታል። ከ28 ቀኑ በኋላ ቤቱ ባዶ ቢቆይ፣ ኮሙነው አንድ ወር ቢሸፍን ተገቢ ይመስለኛል፤ ያ ሰው በመጠጊያ ተጨማሪ ወራት ቢቆይ ወጪው የዚያው ኮሙነ ነውና።

ከራሳችን ሕግ የምናገኘው ጥያቄ

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካለ፣ ወደ አገር ቤት እንመለስ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 82 የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ስለ ተጋቢዎቹ አኗኗርና ስለ ልጆቹ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከሁለቱ አንዱ ከመኖሪያው እንዲወጣ ሲወሰን ደግሞ የልጆቹ ጥቅምና በመውጣቱ የበለጠ የሚጎዳው ተጋቢ ሁኔታ ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። በመውጣት ይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው? ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ከመጠየቅ አስቀድሞ ይህን የሚጠይቅ ሕግ ከሃያ ዓመት በላይ በአማርኛ ተጽፎ ይኖራል።

በሌላ በኩል የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባ ተከራይ ላይ ብዙ ለውጥ አምጥቷል፦ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ። ነገር ግን እርሱም የተጻፈው በአከራይና በተከራይ መካከል ላለው ግንኙነት ነው። ውል በረዘመና በተመዘገበ ቁጥር፣ በዚያ ውል ውስጥ ከአጥቂ ጋር የታሰረ ሰው የመውጫ አንቀጽ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የኦስሎው ክፍተትና የአዲስ አበባው ክፍተት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የቤተሰብ ሕጉ የጠየቀውን ጥያቄ ወደ ኪራይ ሕጉ አላሻገሩም።

ስቶርቲንግን ሳንጠብቅ

ፓርላማ ሕግ እስኪያሻሽል ዓመታት ያልፋሉ። ውል ግን ዛሬ ማታ ይጻፋል። የኖርዌይ የኪራይ ሕግ ተከራይን የሚጎዳ ስምምነት ይከለክላል፤ ለተከራይ የሚያደላ ስምምነት ግን አይከለክልም። ስለዚህ በሊንደሩድ፣ በቫይትቬትም ሆነ በሌላ ሰፈር ቤት የምታከራዩ ወገኖች አንድ አንቀጽ መጨመር ትችላላችሁ፦ «በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የሚሸሽ ተከራይ በ28 ቀን ማስታወቂያ ከውሉ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ኪራይም ሆነ አብሮት የነበረው ሰው ላደረሰው ጉዳት አይጠየቅም።» ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ለአባሎቻቸው እንዲህ ያለ የውል ናሙና ቢያዘጋጁ፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማሉ።

ለሽማግሌዎችም ቃል አለኝ፤ ለራሴም ጭምር ነው። ጥቃት ባለበት ቤት ከተጠራን፣ ከእርቅ በፊት ደኅንነትን እንጠይቅ። ውሉ በማን ስም እንደሆነ፣ የራሷ የባንክ ሒሳብ እንዳላት፣ የውሉ ቅጂ በእጇ እንዳለ፣ ስለ መጠጊያውና ስለ አንቀጽ 53 ሰምታ እንደሆነ እንወቅ። ከወጣች ደግሞ የሄደችበትን አድራሻ አንጠይቅ፤ ብናውቅም አንናገር። በኖርዌይ የሰው አድራሻ በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ መዝገብ ቤቱ ከባድ ሥጋት ላለበት ሰው አድራሻውን ይደብቅለታል። መንግሥት የደበቀውን አድራሻ ግን በቡና ላይ የሚያወጣው ወገን ነው።

በቋንቋችን «ቤት» ጣሪያና ግድግዳም ነው፣ ትዳርም ነው። ያን ቅዳሜ «ቤትሽን አታፍርሺ» ስንላት ሁለቱን አንድ አድርገን ነበር፤ ትዳሩን ለማትረፍ ብለን የምትሄድበት ጣሪያ ሳይኖራት መልሰን አስገባናት። ቤቱን ያፈረሰው የመታት ሰው ነበር። እኛ ደግሞ በፍርስራሹ ውስጥ እንድትቀመጥ መረቅናት።

ያቺ ሴት ዛሬ በደኅና ትኖራለች። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ሳቅ ብላ፣ «አባቴ፣ ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ለሚቀጥለዋ ግን ቤት ፈልጉላት» አለችኝ።